ኩርቩላሪያ፦ ሰብልንም ሰውንም የሚያጠቃው ጥቁር ሻጋታ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከየጥኖራ አንስቶ እስከ ቢቸናና ሞጣ በሚዘልቀው የእህል አገር ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት የአጨዳ፣ የክምርና የውቂያ ጊዜ ናቸው። አርሶ አደሩ የዓመት ልፋቱን ወደ ጎተራ በሚያስገባበት በዚህ ወቅት በአውድማው ላይ ከገለባውና ከእብቁ ጋር በዓይን የማይታዩ የሻጋታ ቅንጣቶችም ይበናሉ። ከእነዚህ መካከል ኩርቩላሪያ የሚባለው ጥቁር ሻጋታና የቅርብ ዘመዶቹ የእህሉን ፍሬ የሚያጠቁሩና የሚያበላሹ ሲሆኑ፣ ምቹ አጋጣሚ ሲያገኙ ደግሞ የሰውን ዓይን እስከማሳወር ይደርሳሉ።

ሻጋታው ማሳ ላይ ሲገኝ የግብርና ባለሙያ፣ ዓይን ውስጥ ሲገኝ የጤና ባለሙያ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መረጃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብበት አጋጣሚ ግን እምብዛም ነው። በመሆኑም የፈንገሱን ጠባይ፣ የሚያደርሰውን ጉዳትና የመከላከያ መንገዶቹን ማወቅ በየደረጃው ላሉ አመራሮችና ባለሙያዎች ጠቃሚ ይሆናል።

የፈንገሱ ምንነት

ኩርቩላሪያ ሆላንዳዊው የፈንገስ ተመራማሪ ካሬል ቡዴይን እ.ኤ.አ. በ1933 ስም የሰጠው የፈንገስ ወገን ነው። ስያሜው "ጎባጣ" የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ስፖር ከሚባሉት የመራቢያ ቅንጣቶቹ ቅርጽ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱ ስፖር በአብዛኛው በ4 ክፍሎች የተከፈለ ሆኖ ከመሐል ያለው አንደኛው ክፍል ከሌሎቹ ገዝፎ ስለሚያድግ ቅንጣቱ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። በስፋት የሚታወቀው ዝርያ ኩርቩላሪያ ሉናታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሙም ግማሽ ጨረቃ መምሰሉን ያመለክታል።

ፈንገሱን ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ የሚያደርገው በግድግዳው ውስጥ የሚገኘው ሜላኒን የተባለ ቀለም ነው። ይኸው ቀለም የሰውን ቆዳና ፀጉር የሚያጠቁር መሆኑ ይታወቃል። ለፈንገሱ ሜላኒን ጋሻው ነው። በማሳ ላይ ከፀሐይ ጨረርና ከድርቀት ይጠብቀዋል። ወደ ሰው አካል ሲገባ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ወራሪን ለመግደል የሚረጩትን ኬሚካል እንዲቋቋም ያግዘዋል። በሌላ አነጋገር በሜዳ ላይ ለመኖር ያበቃው ባሕርይ በአካል ውስጥም የጉልበቱ ምንጭ ሆኖ ያገለግለዋል።

ኩርቩላሪያ በአፈር፣ በደረቀ ሣር፣ በሰብል ቃርሚያና በዘር ላይ ይኖራል። በአብዛኛው የሞተ ዕፅዋትን አፍርሶ ወደ አፈር የሚመልስ በመሆኑ በተፈጥሮ ውስጥ የራሱ ጠቃሚ ድርሻ አለው። ጉዳት የሚያደርሰው የተዳከመ ተክል፣ የቆሰለ አካል ወይም የመከላከል አቅሙ የቀነሰ ሰው ሲያገኝ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ተሕዋስ አጋጣሚ ጠባቂ ይሉታል።

የቅርብ ዘመዶቹ ባይፖላሪስና ኤክሴሮሂለም ይባላሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት ከእነዚህ ወገኖች ውስጥ በርካታዎቹ ሄልሚንቶስፖሪየም በሚል አንድ ስም ይጠሩ ስለነበር የቆዩ የግብርና ምርምር ሪፖርቶች ይህንኑ ስም ይዘው ይገኛሉ። በባይፖላሪስ ሥር የነበሩ አንዳንድ ዝርያዎችም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ኩርቩላሪያ ተዛውረዋል። የቆየ ሰነድን ከአዲስ የላቦራቶሪ ውጤት ጋር የሚያነጻጽር ባለሙያ ይህን ማስተዋል ይጠበቅበታል።

በሰብል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ኩርቩላሪያ በዓለም ዙሪያ በማሽላ፣ በበቆሎና በሩዝ ላይ ይታወቃል። በማሽላ ላይ ከፉሳሪየም ጋር የዘለላ ሻጋታ ከሚያስከትሉት ዋነኛ ፈንገሶች አንዱ ነው። ማሽላው ከሚያብብበት ጊዜ ጀምሮ እስኪደርስ ባሉት ሳምንታት ዝናብ ከቀጠለ ፈንገሱ ወደ ፍሬው ይገባል። የተጠቃው ፍሬ ይጠቁራል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ በቀላሉም ይፈረካከሳል። ለዘር ቢውል ደግሞ የመብቀል አቅሙ ዝቅተኛ ይሆናል። በበቆሎ ላይ የቅጠል ነጠብጣብ፣ በሩዝ ላይ የፍሬ መጥቆር ያስከትላል።

ፈንገሱ የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚህ አንጻር ማሽላ የሚመረትበት የአባይ ሸለቆ ቆላማ ክፍል ከደጋው የበለጠ ይመቸዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ ቀዝቀዝ ያለ የአየር ጠባይ ስላላቸው ኩርቩላሪያ እንደ ቆላው አይፋፋባቸውም። ይሁንና በደጋው ዘመዶቹ ቦታውን ይይዛሉ። ባይፖላሪስ ሶሮኪኒያና ገብስንና ስንዴን በቅጠል ነጠብጣብና በሥር መበስበስ ያጠቃል። ኤክሴሮሂለም ቱርሲከም በኢትዮጵያ የበቆሎ ቅጠል አድራቂ በሽታ መንስኤ ሆኖ ለረጅም ዘመን የሚታወቅ ነው። በጤፍ ላይም ዘለላውን የሚያጠቁር በሽታ ያለ ሲሆን፣ መንስኤው በቀድሞ ስሙ ሄልሚንቶስፖሪየም ሚያኬይ ተብሎ ከዋግ ቀጥሎ በጤፍ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል።

በመሆኑም የጠቆረ ፍሬ ሁሉ የኩርቩላሪያ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። አልተርናሪያና ክላዶስፖሪየም የተባሉት ጥቁር ሻጋታዎችም ዝናብ በመታው እህል ላይ በብዛት ይታያሉ። ትክክለኛው መንስኤ የሚለየው ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው።

የምሥራቅ ጎጃም የእህል አገር አንዱ መለያ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው። በደርግ ዘመን በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበሯ በአገር አቀፍ ደረጃ ስሟ ሲነሳ የነበረው የጥኖራም በዚሁ የእህል አገር ትገኛለች። ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ስለሚቆይ የሰብሉ ሥር ይታፈናል፤ የተዳከመ ተክልም ለአጋጣሚ ጠባቂ ፈንገሶች ይጋለጣል። ከማሳ ላይ ትርፍ ውኃ ማጠንፈፍ ምርት ከመጨመሩ ባሻገር በሽታን የመከላከል ፋይዳ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የተጋላጭነት ወቅት አጨዳ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሲጥል ያልታጨደው ሰብል ይርሳል፣ የታጨደው ነዶም ሳይደርቅ ይከመራል። ኩርቩላሪያን የመሰሉ የማሳ ፈንገሶች የሚያድጉት የፍሬው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። በፀሐይ በሚገባ የደረቀ እህል ላይ እድገታቸው ይቆማል። እህሉ በከፊል ብቻ ደርቆ ወደ ጎታ ወይም ጎተራ ከገባ ግን ቦታውን አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም የተባሉት የጎተራ ሻጋታዎች ይረከባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ለክምችት የሚመከረው የእህል እርጥበት ከ12 እስከ 13 በመቶ መሆኑ ለዚህ ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ኩርቩላሪያ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የጠቆረ እህል በመብላትም ዓይን ወይም ሳንባ በዚህ ፈንገስ አይያዝም። ስፖሩን በየዕለቱ በርካታ ሰዎች ከአየር ጋር የሚስቡት ሲሆን ጤነኛው አካል ያስወግደዋል። ችግር የሚፈጠረው ፈንገሱ የተከፈተ በር ሲያገኝ ነው።

አንደኛው በር አፍንጫ ነው። የአለርጂ ዝንባሌ ባላቸው ሰዎች በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ የፊት አጥንት ክፍተቶች ውስጥ ፈንገሱ ተቀምጦ የሚቆይ የሳይነስ ሕመም ያስከትላል። ሁለተኛው ቆዳ ነው። በእሾህ ወይም በስንጥር ከተወጋ እግር ገብቶ ከቆዳ ሥር እብጠት ይፈጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም ማይሴቶማ ከሚባለው እግርን ከሚያበላሽ በሽታ መንስኤዎች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ማይሴቶማ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛው በር የተዳከመ የመከላከል አቅም ነው። የደም ካንሰር ያለባቸው፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሕሙማን ላይ ፈንገሱ አልፎ አልፎ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይደርሳል። ይህ በእጅጉ ጥቂት ሰዎችን የሚያጋጥም ቢሆንም አንጎል ከደረሰ ገዳይነቱ ከፍተኛ ነው።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ የሚያሳስበው አራተኛው በር ዓይን ነው። በውቂያ ጊዜ የሚበርር ገለባ ወይም የሣር ስለት የዓይንን ብሌን የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ክፍል ይጭረዋል። ጭረቱ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለሻጋታ ስፖር ግን ይበቃዋል። በቀናት ውስጥ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን መቋቋም ያቅተዋል፣ ዕይታም ይደበዝዛል። በጥርቱ ክፍል ላይ ጠርዙ እንደ ላባ የተበተነ ግራጫ ወይም ነጭ ነጥብ ይወጣል። በጥቁር ሻጋታዎች ሲከሰት አንዳንድ ጊዜ ነጥቡ ራሱ ቡናማ ወይም ጥቁር መልክ ይይዛል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በልዩ ልዩ ፈንገሶች ምክንያት በዚህ ዓይነት የዓይን ቁስለት እንደሚያዙ ይገመታል። አብዛኞቹም በሐሩር አካባቢ በግብርና የሚተዳደሩ ናቸው።

ይህ ጉዳይ ለአማራ ክልል የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት ጥናት እንዳመለከተው፣ በወቅቱ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የክልሉ ሕፃናት መካከል 62.6 በመቶ የሚሆኑት በሽታው በንቃት ላይ ያለ የትራኮማ ምልክት ነበራቸው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት የክልሉ ነዋሪዎች ደግሞ 5.2 በመቶው የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይናቸውን የሚቧጭር ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠነ ሰፊ የመድኃኒት እደላና የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ተካሂዷል። ይሁን እንጂ ሽፋሽፍት የሚቧጭረው ዓይን በአውድማ ላይ በቀላሉ የሚቆስልና የቆሰለውም ለፈንገስ የሚጋለጥ በመሆኑ ሁለቱ ችግሮች ተደራራቢ ናቸው።

ጉዳቱን ከሚያባብሱት ልማዶች አንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የዓይን ጠብታ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለጊዜው ቅላቱንና ሕመሙን ስለሚያስታግስ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስለዋል። በአንጻሩ መድኃኒቱ የዓይንን ተፈጥሯዊ መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ወደ ጥልቀት ይዘልቃል። የፀረ ባክቴሪያ ጠብታም በፈንገስ ላይ ኃይል የለውም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመርም እንዲሁ ሌላ ጭረትና ሌላ ብክለት ያስከትላል።

ከሌሎች አካባቢዎች የተገኘ ትምህርት

የዚህ ቤተሰብ ፈንገሶች በሰብልና በሰው ላይ ያላቸው ድርብ ባሕርይ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ የመድኃኒት ማቀናበሪያ የተዘጋጀ ለጀርባ ሕመም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ በሻጋታ ተበክሎ ተገኘ። መርፌውን ከወሰዱ ሰዎች መካከል በ20 ግዛቶች ከ750 በላይ የሚሆኑት ሲታመሙ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሕሙማኑ በብዛት የተገኘው ፈንገስ ኤክሴሮሂለም ሮስትራተም ነበር። ይህ ፈንገስ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዋናነት የሚታወቀው ሣርና የሣር ዘር የሆኑ ሰብሎችን በማጥቃት ሲሆን፣ በሰው ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነበር።

በሰብል በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ባይፖላሪስ ሜይዲስ የአሜሪካን የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ገደማ አውድሟል። ምክንያቱ አብዛኛው ማሳ በአንድ ዓይነት የዘር መሠረት ላይ በተዳቀለ በቆሎ የተሸፈነ መሆኑ ነበር። ክስተቱ አንድን ዝርያ ብቻ በሰፊው መዝራት የሚያስከትለውን አደጋ ለማስረዳት እስከ ዛሬ በማስተማሪያነት ይጠቀሳል።

ኢትዮጵያም ከሰብል የመነጨ የፈንገስ ጉዳት በሰው ላይ ሲደርስ አይታለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በወሎ ዋድላ ደላንታ አካባቢ ኤርጎት የተባለ ጥቁር የፈንገስ አካል የተቀላቀለበት እህል የተመገቡ ሰዎች የደም ሥራቸው እየጠበበ እጅና እግራቸው እስከ መበስበስ ደርሷል፤ የሞቱም ነበሩ። የመርዙ ምንጭ በገብስ ማሳ ውስጥ የበቀለ ሲናር ላይ የነበረው ፈንገስ መሆኑ ተረጋግጧል። ኤርጎት እንደ ኩርቩላሪያ በሰው አካል ውስጥ የሚያድግ ሳይሆን በመርዙ የሚጎዳ በመሆኑ ይለያል። ሆኖም የሕሙማኑ ችግር መልስ ያገኘው ማሳውና እህሉ አብረው ሲመረመሩ መሆኑ ለዛሬም የሚሠራ ትምህርት ነው።

ምርመራና ሕክምና

ፈንገሱን ለመለየት ከቁስሉ ላይ በጥንቃቄ ተፍቆ የሚወሰድ ናሙና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተነክሮ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ይህ ምርመራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅና በዕለቱ ውጤት የሚሰጥ ነው። የፈንገሱን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ናሙናው በላቦራቶሪ እንዲያድግ ይደረጋል። ኩርቩላሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ገጹ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ሆኖ ያድጋል።

በዓይን ላይ ለሚደርሰው ቁስለት ቀዳሚው መድኃኒት 5 በመቶ ናታማይሲን የያዘ ጠብታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2017 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል። ሕክምናው ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት የሚቀጥል በመሆኑ ሕመምተኛው ሕመሙ ሲቀንስ እንዳያቋርጠው ምክር ሊሰጠው ይገባል። ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ቁስሉ ቢድን እንኳ ጠባሳው ብርሃን የማያሳልፍ ስለሚሆን ዕይታውን ያጣል። በዚህ ረገድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ጤና ተቋም መድረስ ወሳኝ ነው።

ፀረ ፈንገስ ርጭትና ጤና

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተከሰተው የስንዴ ቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ወዲህ በስንዴ ማሳዎች ላይ የፀረ ፈንገስ ኬሚካል አጠቃቀም ተስፋፍቷል። ኬሚካሉ በወቅቱና በመጠኑ ሲረጭ ምርትን እንደሚታደግ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከሚረጩት ውስጥ አብዛኞቹ አዞል የሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ሐኪሞች በፈንገስ ለታመመ ሰው የሚያዙት መድኃኒትም ከዚሁ ወገን ነው። በአውሮፓና በእስያ በማሳ ላይ የሚረጨው አዞል አስፐርጊለስ ፉሚጌተስ የተባለው ፈንገስ መድኃኒቱን እንዲላመድ ማድረጉ በጥናት ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ቅድሚያ የሚሰጣቸው 19 የፈንገስ ዓይነቶች ዝርዝርም ይኸው ፈንገስ እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት 4 አንዱ ነው። ከመጠን በታች ወይም በላይ የሆነ ርጭት፣ በየዓመቱም አንድ ዓይነት ኬሚካል ብቻ መጠቀም ውጤቱ በሆስፒታል ሊታይ እንደሚችል የግብርና ባለሙያው ሊያውቀው ይገባል።

የባለድርሻ አካላት ሚና

በኢትዮጵያ "አንድ ጤና" በሚል መርህ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በጋራ የመጠበቅ አሠራር ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደ የቅድሚያ ልየታ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ ቀዳሚ ትኩረት እንዲያገኙ ተመርጠዋል። አምስቱም ከእንስሳት የሚመጡ ናቸው። ከሰብል ጋር ተያይዞ ሰውን የሚጎዳው ፈንገስ በዚህ ዝርዝር አልተካተተም። አሠራሩ አስቀድሞ የተዘረጋ በመሆኑ ግን ጉዳዩን ለማካተት አዲስ መዋቅር አያስፈልግም።

በወረዳ ደረጃ ሊከናወኑ የሚችሉት ተግባራት ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። በግብርና በኩል የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የደረሰ ሰብል ሳይዘገይ እንዲታጨድ፣ ነዶ ከመከመሩ በፊት እንዲደርቅ፣ ክምሩም ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ እንዲሆን ማስተማር ይችላሉ። ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ሰብልን ማፈራረቅና የታመመ ቃርሚያን አርሶ መቅበር ፈንገሱ ከዓመት ዓመት እንዳይሸጋገር ይረዳል። የጠቆረ እህል በብዛት ሲታይ ናሙናው በአቅራቢያ ወደሚገኝ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ለጎጃም አካባቢ ለምሳሌ ወደ አዴት፣ ሊላክ ይችላል።

በጤና በኩል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከውቂያው ወቅት ቀደም ብለው ሦስት መልእክቶችን ለየቤተሰቡ ቢያደርሱ በርካታ ዓይኖች ይተርፋሉ። የመጀመሪያው በሚያበራዩበትና በሚያዘሩበት ጊዜ ዓይንን በመነጽር መከለል፣ አፍንጫንም በጨርቅ መሸፈን ነው። ሁለተኛው ገለባ የገባበትን ዓይን ሳያሹ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ሦስተኛው ቅላቱ ወይም ሕመሙ በማግሥቱ ካልተሻለ ጠብታ ከመግዛት ይልቅ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም በመኸር ወቅት ዓይኑን ታሞ የመጣን አርሶ አደር ገለባ ወይም ሣር መትቶት እንደሆነ ቢጠይቁና መልሱን በመዝገብ ቢያሰፍሩ ለሪፈራሉም ለመረጃውም ይበጃል።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ዝናብ የመታውን ሰብል ሪፖርት ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ቢያሳውቅ፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱም በዚያው ሰሞን የሚመዘግበውን የዓይን ቁስለት ቁጥር መልሶ ቢያካፍል ሁለቱ መረጃዎች አንድ ላይ ትርጉም ያገኛሉ። ከማሳው እስከ አውድማው፣ ከአውድማው እስከ አርሶ አደሩ ዓይን የሚጓዘው ሻጋታ አንድ ነውና፣ የሚከታተሉትም ተቋማት በአንድ ላይ ሊመክሩበት ይገባል።